ስለ ስድስት ትንንሽ ላፕቶፖች
ከግዥ ኮሚቴው ለጠቅላላ ጉባኤው የቀረበ ንግግር



ለግዥ ኮሚቴው ዛሬ የተሰጠው ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው። ጉዳዩ ስድስት ላፕቶፕ ነው። «ለስድስት ላፕቶፕ ሃያ ደቂቃ ምን ያደርጋል?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ሰብሳቢያችንም ይህንኑ ጠይቃናለች። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ አዳራሽ በአምስት ደቂቃ ያጸደቅነው ግዥ ነበር። ስለዚያ ሳንናገር ስለ አሁኑ ብንናገር ደግ አይሆንም። የዚያን ጊዜው ገንዘብ ግማሹ ከአባላት ወርኃዊ መዋጮ፣ ግማሹ ከደጋፊዎች ስለነበረ፣ ሁለታችሁም በተቀመጣችሁበት መናገሩን መረጥን።

ያን ጊዜ ሦስት ላፕቶፕ ገዛን። አዲስ ነበሩ፣ ከነካርቶናቸው። ቀጭን፣ ቀላል፣ ቀለማቸውም ዓይን የሚስብ። ሻጩ ከፈተልን፣ አበራልን፣ አንድ ዘፈን አሰማን፣ ወደድናቸው። ከመካከላችን አንዲት ሴት እንኳ ቁጭ ብላ አንድ መስመር አልጻፈችባቸውም። ለጽሕፈት የምንገዛውን ዕቃ በዘፈን ፈትነን ገዛን ማለት ነው።

ነገሩ ቶሎ ነው የታወቀው። የኪቦርዱ ቁልፎች ሲጫኗቸው ወደ ውስጥ የሚገቡ አይመስሉም፤ ጠረጴዛ በጣት እንደ መምታት ነው። የተጫነውና ያልተጫነው አይለይም። ጸሐፊያችን የአንድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጽፋ ስትጨርስ የቀኝ እጅ አንጓዋን ስታሽ ትውላለች። በሁለተኛው ወር ቃለ ጉባኤውን መልሳ በእስክሪብቶ መጻፍ ጀመረች፤ እኛም አይተን እንዳላየን ሆንን። ለዚህ ጋዜጣ የሚጽፉ አባላትም አንድ በአንድ ወደ ወረቀት ተመለሱ።

ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ የመጣው በዘጠነኛው ወር ነው። የማሽኖቹ የውስጥ ማከማቻ 32 ጊጋባይት ብቻ ነበር፤ ዊንዶውሱ ራሱ አብዛኛውን ይዞታል፤ ራሱን ማደስ ሲፈልግ ቦታ ያጣና ይንቀራፈፋል። ማከማቻው ደግሞ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የገንዘብ ያዣችን ማሽን አልበራ አለ። ጠጋኙ ከፍቶ አየና ቦርዱ መሞቱን ነገረን። «ዲስኩን ነቅለህ ስጠን» ብንለው የሚነቀል ዲስክ የለም። የአራት ወር የቁጠባና የብድር መዝገብ እዚያ ውስጥ ቀረ። ቅጂ አልነበረንም። ይህ የሻጩም የማሽኑም ጥፋት አይደለም፤ የኛ ነው።

የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሁላችሁም የቁጠባ ደብተራችሁን ይዛችሁ መጣችሁና መዝገቡን ከደብተሮቹ እንደገና ጻፍነው። አንዲት እህታችን ደብተሯ በክረምቱ ጎርፍ ርሶ ቀለሙ ፈሶ ነበር። የከፈለችውን ሁለት ወር ከጎኗ ተቀምጠው የነበሩ ሁለት አባላት መስክረውላት ነው የተመዘገበላት። ገንዘብ ያዣችን በነዚያ ሁለት ሳምንታት ቀና ብላ አላየችንም። ማንም አፍ አውጥቶ «ገንዘቡ የት ገባ?» አላላትም፤ ግን ጥያቄው ቤቱ ውስጥ ነበር፣ እሷም ሰምታዋለች። በመጨረሻ ሒሳቡ ከባንኩ ጋር እስከ ሳንቲሙ ሲገጥም ያለቀሰችው እሷ ብቻ አልነበረችም። እንግዲህ ይህ ኮሚቴ አንድ ላፕቶፕ ለመምረጥ ሦስት ወር የፈጀበት ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ አሁኑ።

መጀመሪያ የተከራከርነው «ለምን ትንሽ?» በሚለው ላይ ነው። አንዳንዶቻችን ትልቅ ስክሪን ያለው ይሻላል አልን፤ ለዓይንም ይመቻል። ነገር ግን ማሽኑን የሚይዙት እነማን ናቸው ብለን ስንጠይቅ መልሱ ራሱ መጣ። የብድር ክትትል የምትሠራዋ እህታችን በሳምንት ሦስት ቀን በሁለት ታክሲ ትሄዳለች፣ ልጇን አዝላ። ሌላዋ የምትጽፈው ማታ፣ እራት ከተነሣ በኋላ፣ በዚያው በመመገቢያው ጠረጴዛ ጥግ ነው። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ተኩል ያልበለጠ፣ በዘንቢል የሚገባ ማሽን ነው የሚያስፈልገን። ስለዚህ ከ12 ኢንች ተኩል እስከ 13 ኢንች ስክሪን አልን።

ትንሽ ሲባል ግን ኪቦርዱም ይትነስ ማለት አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. ባለ 7 ኢንች ስክሪን የሆነ አንድ ርካሽ ላፕቶፕ ወጥቶ ዓለምን አስገርሞ ነበር፤ ስሙ ኢ ፒሲ ነው፣ የአሱስ ሥራ። ርካሽነቱ እውነት ነው፤ ቁልፎቹ ግን ለልጅ ጣት የተሠሩ ይመስላሉ። በሙሉ ልክ ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ መሐል እስከሚቀጥለው መሐል ያለው ርቀት 19 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 12 ኢንች ተኩል ስክሪን ያለው ማሽን ይህን ልክ ይችላል፤ ከዚያ ብዙ ሲያንስ ግን ቁልፎቹም አብረው ይጠባሉ። በ1995 እ.ኤ.አ. አይቢኤም ለዚህ ችግር ያገኘው መላ ሲነገረን ሁላችንም ሳቅን፦ ቲንክፓድ 701 የሚባለው ማሽን ክዳኑ ሲከፈት ኪቦርዱ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ተዘርግቶ ከማሽኑ ጎን ይወጣ ነበር። ዛሬ ኒውዮርክ ሙዚየም ገብቷል። መርካቶ ግን አናገኘውም።

ለእኛ ኪቦርድ ለምን ከሌላው ይልቅ ያሳስበናል? አማርኛ ስለምንጽፍ ነው። ስልክ ላይ ስትጽፉ አስተውላችሁ ይሆናል። በተለመደው በድምፅ በሚሄደው አጻጻፍ «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ ጣታችን የሚመታው ግን አምስት ጊዜ ነው፤ ስ ከዚያ አናባቢዋ፣ ል ከዚያ አናባቢዋ፣ መጨረሻ ም። ጠ፣ ጨ፣ ኘ ሲመጡ ደግሞ በብዙዎቹ አጻጻፎች ሺፍት መያዝ አለ። የአንድ ገጽ አማርኛ ጽሑፍ ጣትን ምን ያህል እንደሚያሠራ አስቡት። ጥልቀት የሌለው ቁልፍ፣ ወይም ጠባብ ሺፍት፣ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ብዙም ላይታወቅ ይችላል፤ በእኛ ቃለ ጉባኤ ግን አንጓ ላይ ይወጣል።

በዚህ ነገር ላይ ዳኛ ያደረግናት ታላቃችንን ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ጡረታ የወጣችውን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን ፊደል ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስማማት የደከሙት ድካም ፍሬውን በጣቷ የምታውቅ እሷ ናት። «እኛ ድሮም አንዱን ፊደል በሁለት ምት ነበር የምንሠራው፤ ዛሬ አዲስ ነገር አላመጣችሁም» አለችን። ይዘናት የገባንበት ሱቅ ሁሉ ሻጮቹ ወንበር ያመጡላታል፤ እሷ ግን ወንበሩን የምትፈልገው ለመጻፍ ነው። መነጽሯን ታደርጋለች፣ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ የመጀመሪያ ገጽ ከቦርሳዋ ታወጣለች፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ትጽፋለች። አንዱ ሻጭ «እማማ፣ ይበቃል» ሲላት «ገንዘቡን ስትቆጥር አንተስ መሐል ላይ ትተዋለህ?» አለችው።

ከእሷ የተማርነው ይህ ነው። ጥሩ ቁልፍ ሲጫኑት ትንሽ ይቋቋማል፣ ከዚያ እሺ ይላል፣ ከዚያ ጣትን ወደ ላይ ይመልሳል። የሚወርድበት ጥልቀት ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲጠጋ ለእጅ ይመቻል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ያ የጠረጴዛ መምታት ይጀምራል። መሐሉን በጣት ስትጫኑት ኪቦርዱ እንደ ፍራሽ የሚረግብ ከሆነ ተዉት። መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ መኖሩን፣ መዳፍ ሲያርፍም ጠቋሚው ሌላ መስመር ላይ አለመዝለሉን እዩ። የሁሉንም ቁልፍ ደኅንነት ለመፈተን ደግሞ ከሀ እስከ ፐ ገበታውን ጻፉ፤ 33ቱን ፊደል በሰባት በሰባት፣ 231 ነው። አሰልቺ ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ ያልተነካ የፊደል ቁልፍ እምብዛም አይቀርም።

አንድ ነገር በራሳችን ስሕተት ተማርን። ያገለገሉ ማሽኖች ከየአገሩ ነው የሚመጡት። የጀርመን ኪቦርድ ላይ ዋይና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል። ማሽኑን ወደ አማርኛ አስተካክላችሁ ብትጽፉ፣ ቁልፉ ላይ የምታዩት አንድ፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሌላ ይሆናል፤ የ ስትሉ ዘ፣ ዘ ስትሉ የ። የፈረንሳዩ ደግሞ አ እና ቀን ያለዋውጣል። ታላቃችን ቁልፍ ሳታይ ስለምትጽፍ ምንም አላላትም። ገና የምትማር እህት ግን ዓይኗ የሚነግራትና እጇ የሚሠራው ሲጣላባት ትቆማለች። ስለዚህ የአሜሪካውን አቀማመጥ ብቻ እንገዛለን ብለን ወሰንን።

አዲስ ወይስ ያገለገለ? እዚህ ላይ ረጅም ክርክር ነበር፤ «ሰው ጥሎት የሄደውን በማኅበር ገንዘብ?» ያለችም ነበረች። ንግግሯ ክብር አለው። ነገር ግን ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ወዴት እንደሄደ ታውቃላችሁ። በያዝነው ገንዘብ አዲስ ብንገዛ የምናገኘው ያንኑ የሦስት ዓመት በፊቱን ዓይነት ነው። በውጭ አገር ትልልቅ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የሚገዟቸው ላፕቶፖች ግን ሌላ ዘር ናቸው፤ የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ። ቀን ሙሉ እንዲጻፍባቸው የተሠሩ፣ የሚከፈቱ፣ መለዋወጫቸው የሚገኝ። ድርጅቶቹ በጥቂት ዓመት በጅምላ ይቀይሯቸዋል፤ ያ ነው ወደ እኛ ገበያ የሚደርሰው። አዲስ ደካማ ከምንገዛ ያገለገለ ጠንካራ እንግዛ አልን። ድምፅ ተሰጥቶበት ነው።

የዕድሜ ወሰን ግን አስቀመጥን። የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ከሆነ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለ ፕሮሰሰር አይቀበልም። ትውልዱ ስሙ ላይ ተጽፏል፦ «አይ 5» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ8 ከጀመረ ስምንተኛ ነው፤ 8250 ሲል ማለት ነው። በ7 የሚጀምሩት ጥሩ ጥሩ ማሽኖች በርካሽ አሉ፤ ሊኑክስ ለምታውቅ ሴት እንመክራቸዋለን። የባንክና የሒሳብ ሥራችን ላለበት ግን ድጋፉ ያልተቋረጠ ይሁን ብለናል። ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ማከማቻው ኤስኤስዲ፣ ተነቃይ የሆነ፣ ከ256 ጊጋባይት ያላነሰ። ተነቃይ የሚለውን ቃል በቀይ አስምረንበታል፤ ምክንያቱን ታውቃላችሁ።

ባትሪውን በሻጩ ቃል አትመኑ። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ሲሠራ ስንት ይይዝ እንደነበረና ዛሬ ሞልቶ ስንት እንደሚይዝ ጎን ለጎን ይነግራችኋል። ግማሹ ከጠፋ የባትሪ ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ላይ ይቀነስ። በሰፈራችን መብራት እንዴት እንደሚሄድና እንደሚመጣ ለናንተ አንነግርም።

አንድ ማሽን ሁሉን ፈተና አልፎ፣ ዋጋው ተስማምቶን፣ ልንከፍል ስንል ጠፍቶ ሲነሣ የይለፍ ቃል ጠየቀ። የቀድሞው ባለቤት ድርጅት ከሥሩ ቆልፎታል። ሻጩም በእውነት አላወቀም መሰለን። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አጥፍተን እናበራለን፣ ባዮስ የሚባለውንም ገብተን ክፍት መሆኑን እናያለን። ደረሰኝና የአንድ ወር ዋስትና በጽሑፍ የማይሰጥ ሱቅ ዋጋው ምንም ቢያምር አልፈነዋል።

ከአሜሪካና ከአውሮፓ «ላፕቶፕ ልላክላችሁ» የምትሉን ደጋፊዎቻችን አላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። እባካችሁ ከመላካችሁ በፊት ጻፉልን። ክሮምቡክ ከሆነ የዝማኔው ዘመን ያላለፈ መሆኑን፣ የመሥሪያ ቤት ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ከመዝገቡ ያወጣው መሆኑን፣ ቻርጀሩም አብሮ መኖሩን አረጋግጡ። ስለ 220 ቮልት አትጨነቁ፤ አብዛኛው የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ይቀበላል፤ ራሱ ላይ ተጽፏል። የሶኬቱን ማስማሚያ እኛ እንገዛለን። በስጦታ መጥተው መጋዘናችን ውስጥ የተኙ አራት ማሽኖች አሉ። ይህን መናገር ከበደን፤ ስጦታ ነውና። ዝም ብንል ግን አምስተኛው ይመጣል።

እንግዲህ ሁለት ማሽን ለሙከራ ገዝተናል፤ የቀሩትን አራት ዛሬ እናንተ ትወስናላችሁ። አንደኛው ቲንክፓድ ኤክስ 280 ነው፣ ሁለተኛው ላቲቲዩድ 7290። ሁለቱም ባለ 12 ኢንች ተኩል፣ ሁለቱም ስምንተኛ ትውልድ፣ በዋጋ ጥቂት ነው የሚለያዩት። ለጣት የቲንክፓዱ ኪቦርድ ይበልጣል፤ ታላቃችን በእሱ ላይ ስትጽፍ ፊቷ ይፈታል። ነገር ግን ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ በ8 ከገዛችሁት በ8 ይቀራል። የላቲቲዩዱ ራም ነገ ገንዘብ ስናገኝ ይቀየራል፤ ቁልፉ ግን ትንሽ ጠጠር ያለ ነው። የቲንክፓዱ የግራ ጥግ ላይ ኮንትሮል ይሆናል ባላችሁት ቦታ ኤፍኤን የሚባለው ቁልፍ አለ፤ መጀመሪያ ያናድዳል፣ በማስተካከያው ይለዋወጣል። መሐሉ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብም ጠቋሚ ናት፣ ጌጥ አይደለችም።

ኮሚቴው ሦስት ለሁለት ተከፍሏል። ሦስታችን «የተበየደ ነገር ከዚህ በፊት አቃጥሎናል፣ ላቲቲዩድ ይሁን» አልን። ሁለታችን ደግሞ «ያቃጠለን የተበየደ ማከማቻና የቅጂ አለመኖር ነው፤ የኤክስ 280 ማከማቻ ይነቀላል፤ ጸሐፊያችን ዳግመኛ ወደ እስክሪብቶ ከምትመለስ ራሙ ይቅር» አሉ። ብዙኃን ስላሸነፍን ብቻ ልናሳልፈው አልፈለግንም፤ የሚጽፉት እናንተ ናችሁና።

ማሽኑ የትኛውም ይሁን፣ ከገንዘቡ ጥቂት አስቀርተን ሁለት የውጭ ዲስክ ገዝተናል። በየዓርቡ የሒሳቡ ቅጂ በሁለቱም ላይ ይወሰዳል፤ አንዱ ቢሮ ይቀመጣል፣ ሌላው በገንዘብ ያዣችን ቤት አይደለም፣ በቁጥጥር ኮሚቴዋ ሰብሳቢ ቤት ነው። ይህን የጠየቀችው ገንዘብ ያዣችን ራሷ ናት። የስፌት ክፍሉ አባላትም ከሸማ ቁራጭ ስድስት ወፈር ያለ መያዣ ሰፍተዋል፤ ልኩ ለሁለቱም ይሆናል።

ማሽኖቹ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተከፍተው ተቀምጠዋል፣ አማርኛው ተጭኗል። በዕረፍቱ እያንዳንዳችሁ ስማችሁን፣ የአባትና የአያት ስማችሁን፣ ከቻላችሁም አንድ ሁለት መስመር በሁለቱም ላይ ጻፉ፤ ከዚያ ካርዳችሁን የወደዳችሁት ማሽን ጎን ባለው ሳጥን ክተቱ። መጻፍ ያልለመዳችሁም ተቀመጡ፤ ታላቃችን ከጎናችሁ ትሆናለች። ሻዩን ግን እባካችሁ ጠጥታችሁ ጨርሳችሁ ነው ወደ ጠረጴዛው የምትመጡት።